በሰው እግር የሚሄዱ ጉንዳኖች



በዚህ ወር በተደረገው የማኅበራችን የቴአትር ክፍል ስብሰባ ላይ፥ ለዓመቱ መዝጊያ በዓል የሚታየውን ቴአትር ለመምረጥ ሁለት አሳብ ቀርቦ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። አንደኛው ከዚህ በፊት እንደ ታዩት ሁሉ የባልና የሚስት ጠብ ያለበት ቴአትር ነው። ሁለተኛው ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ያቀረብነው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። የእኛ አሳብ ወደቀ። የወደቀበትም ምክንያት በቃለ ጉባኤው ላይ በአንድ መስመር ተጽፎአል፤ «በልብስና በመሣሪያ ጉድለት ምክንያት ተመልካች ይስቅብናል» የሚል ነው።

በመሸነፋችን አልተቀየምንም፤ ድምፅ ድምፅ ነው። ነገር ግን የተሰጠው ምክንያት ትክክል ነው ብለን ስላላመንን፥ ጉዳዩም በሚመጣው ጉባኤ እንደ ገና ሊነሣ ስለሚችል፥ አሳባችንን በዚህ ጋዜጣ ለመግለጽ ተነሣን። የምንናገረውም ከሜዳ ተነሥተን አይደለም። ተመልካች በምን እንደሚስቅ፥ በምንስ እንደሚሰለች ባለፈው መስከረም በገዛ ዐይናችን አይተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም፥ እንደ ብዙዎቹ የሆሳዕና ልጆች፥ ደቡብ አፍሪቃ ይኖራል። ለያሆዴ በዓል ለቤተ ሰቡ ልብስ ሲልክ በልብሱ መካከል አንድ ዲስክ ጨምሮ ነበር። በዲስኩ ላይ ያለው የእንግሊዙ ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ሥራው መካከል «የድሯ ፕላኔት» የሚለው ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እኛም የምስል ማሳያ መሣሪያ ተውሰን፥ ነጭ አንሶላ በግድግዳ ላይ ዘርግተን፥ በየምሽቱ ሁለት ሁለት ክፍል እያደረግን በሦስት ምሽት ጨረስነው። በመጀመሪያ በሆሳዕና በያሆዴ ሰሞን፥ ቀጥሎም በዱራሜ በመሳላ ሰሞን አሳየነው። ተመልካቾቹ እናቶች፣ አባቶች፣ ጎረቤቶች፣ ታናናሾቻችንና አንድ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። እንግሊዝኛውን በሆሳዕና ወደ ሀዲያ ቋንቋ፥ በዱራሜ ወደ ከምባታ ቋንቋ፥ ለቀሩትም በአማርኛ እያስተረጐምን ነበር።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ። በጊዜና በጠፈር ውስጥ የሚዘዋወረው ሽማግሌ ዶክተር ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቮርቲስ ወደምትባል ፕላኔት ይደርሳል። ፕላኔቲቱ ቀድሞ ሜኖፕትራ የሚባሉ፥ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያላቸው ሕዝቦች አገር ነበረች። አኒመስ የሚባል ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ኃይል በመካከልዋ ተቀምጦ ድሩን እያስፋፋ አገሪቱን ሸፍኖአታል። ዛርቢ የሚባሉትን ታላላቅ ጉንዳኖችም ባሪያዎቹ አድርጎ ይነዳቸዋል። ከሜኖፕትራዎቹ የሚበዙት ወደ ጨረቃ ተሰደዋል፤ የተያዙት ክንፋቸው ተነቅሎ በግዳጅ ሥራ ላይ ውለዋል፤ ሌሎች ደግሞ ከብዙ ዘመን በፊት ከመሬት በታች ገብተው ክንፋቸውንም የመጡበትንም ረስተዋል። ስደተኞቹ አገራቸውን ለማስመለስ ይዘምታሉ፤ ታሪኩም ይኸው ነው።

ታሪኩ መልካም ነው፤ አሠራሩ ግን ወጣ ገባ ነው፤ ይህን አንሸሽግም። ጉንዳኖቹ ከወገባቸው በላይ ጉንዳን፥ ከወገባቸው በታች ሰው ናቸው። የሰውዬው ጭን፣ ጉልበትና ባት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአንዱ ክፍል ላይማ አንዱ ጉንዳን እየሮጠ መጥቶ ከካሜራው ጋር ይጋጫል፤ ግጭቱም ሳይቆረጥ እንዳለ ቀርቶአል። በዚያን ዘመን ቴፕ መቁረጥና መቀጠል ውድ ስለ ነበረ፥ ተዋንያኑ እንደ ቴአትር ካንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሳያቋርጡ ይጫወቱ ነበር፤ የተበላሸውም ሁሉ እንደ ተበላሸ ይተላለፋል። የሌላ ዓለም አየር ለማስመሰል ከካሜራው ፊት የተደረገው መስታወት ምስሉን እጅግ ስላደበዘዘው፥ አንድ ጎረቤታችን ተነሥተው አንሶላውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

ታዲያ ተመልካቹ ሳቀ ወይስ አልሳቀም? ሳቀ። በሆሳዕናም በዱራሜም ሳቀ። ጉንዳኑ ከካሜራው ጋር ሲጋጭ ታናናሾቻችን «ይደገም!» ብለው ጮኹ፤ ሦስት ጊዜም ደገምንላቸው። የቴአትር ክፍላችን የፈራው ይህን ከሆነ እውነቱን ነው። ነገር ግን ኮሚቴው ያልጠየቀው ጥያቄ አለ፤ ከሳቁ በኋላ ምን ሆነ?

ከሳቁ በኋላ የሆነው ይህ ነው። በሁለተኛው ምሽት ቤቱ ከመጀመሪያው ምሽት ይልቅ ሞላ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እኅታችን የጉንዳኖቹ የጭርጭርታ ድምፅ ከጆሮዋ አልጠፋ ብሎ በሌሊት ወደ ውጭ ለመውጣት እንደ ፈራች ነገረችን። የሳቀችበትም የፈራችውም ያንኑ ጉንዳን ነው። የሰው ልብ ሁለቱን ባንድ ጊዜ እንደሚይዝ ከዚህ ተማርን።

የእናቶቻችን አስተያየት ግን ከሁሉ የበለጠ አስገረመን። አንዲት እናት ድሩ በፕላኔቲቱ ላይ ሲስፋፋ አይተው «ይህማ አጠውልግ ነው» አሉ። አጠውልግ ማለት በእንሰት ላይ የሚወርደው በሽታ ነው። በአገራችን እንሰት ላይ መኖሩን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ አሳውቀዋል፤ መነሻውም ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከቅጠሉ ይጀምርና መላውን ተክል ያጠወልጋል። ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሸጋገረውም ይበልጡን የታመመውን ተክል በቆረጠ ቢላዋ ነው። ስለዚህ አዋቂ ገበሬ ቢላዋውን በእሳት ሳያሳልፍ ሌላ እንሰት አይነካም። በኢትዮጵያ ሃያ ሚሊዮን ያህል ሰው በእንሰት እንደሚኖር ስናስታውስ፥ ያቺ እናት ያዩት የእንግሊዝን ፊልም ሳይሆን የገዛ ጓሮአቸውን እንደ ነበረ እንረዳለን። «እነዚያ ሰዎች ድሩን ከጫፍ ከጫፉ ከሚመቱት ሥሩን ይፈልጉ» ብለውም አዘዙ። በስድስተኛው ክፍል የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለተኛዋ ዲስኩን የላከው ልጅ እናት ናቸው። ክንፉ የተነቀለውን ሜኖፕትራ ሲያዩ ዝም አሉ። ቆይተውም «ክንፉን ሰው ነቀለው ወይስ በጉዞ ላይ ጣለው?» ብለው ጠየቁን። የያዙት ሰዎች እንደ ነቀሉት ነገርናቸው። «ቢመለስስ ይበቅልለታል?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ከሆሳዕና አካባቢ ስንቱ ወጣት በኬንያና በታንዛንያ በኩል አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪቃ እንደሚወርድ፥ በየመንገዱም ስንቱ እንደሚታሰርና እንደሚሞት የማያውቅ በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ጨረቃ ላይ ተቀምጠው አገራቸውን ከሩቅ የሚያዩትን ስደተኞች፥ ከመሬት በታች ገብተው ክንፍ እንደ ነበራቸው እንኳ የረሱትን ወገኖቻቸውን፥ ሁለቱም በተገናኙ ጊዜ ያልተዋወቁበትን ሁኔታ፥ ይህን ሁሉ ማስረዳት አላስፈለገንም። በዚያ ሰዓት የጉንዳኖቹን እግር ያስታወሰ ማንም አልነበረም።

የባዮሎጂ መምህሩ ደግሞ በሌላ በኩል ገቡ። «እንዲህ ያለ ጉንዳን ሊኖር አይችልም» አሉ። ርዝመቱን መቶ እጥፍ ብናደርገው የእግሩ ወርድ ስፋት አሥር ሺህ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ግን አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል፤ እግሩም ሊሸከመው አይችልም። ደግሞም ነፍሳት እንደ እኛ ሳንባ የላቸውም፤ በጎናቸው ባሉት ቀዳዳዎችና ቀጫጭን ቱቦዎች ስለሚተነፍሱ፥ ሰውነታቸው ሲገዝፍ አየሩ ወደ ውስጥ በበቂ አይደርስም። ፊልሙ ስሕተት ነው ብለው የሚተዉት መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን «ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ስሰጥ የሚያንቀላፉት ልጆች ዛሬ ማታ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ» ብለው ዲስኩን ተዋሱን።

ነቀፌታም አልቀረም፤ ነቀፌታው ግን ኮሚቴው በፈራበት በኩል አልመጣም። አንድ ሽማግሌ አባት በአራተኛው ክፍል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ «እስካሁን አልደረሱም?» ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው። ታሪኩ ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ይጎተታል። ባንድ ክፍል ሊያልቅ የሚችለው ነገር በሁለት ክፍል ይነገራል፤ ሰዎቹ ይያዛሉ፥ ያመልጣሉ፥ ተመልሰው ይያዛሉ። ስድስት ክፍል ሙሉ የተጠበቀው የአኒመስ ሞት ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ይህ የደራሲና የአዘጋጅ ጥፋት እንጂ የልብስ ሰፊ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ የእንግሊዝ አገር ተመልካች የሰጠውን ፍርድ ከእኛው ጋር አስተያዩት። ታሪኩ የተላለፈው ከየካቲት 6 እስከ መጋቢት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን ክፍል 13.5 ሚሊዮን ሰው አየው፤ የመጨረሻውን 11.5 ሚሊዮን። ቢቢሲ ተመልካች ምን ያህል እንደ ወደደ የሚለካበት ከመቶ የሚታሰብ ነጥብ ነበረው፤ ይህም ነጥብ በመጀመሪያው ክፍል 56 ሲሆን በስድስተኛው ወደ 42 ወረደ። አሁን እናስብ። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ክፍል ጉንዳኖቹ እነዚያው ናቸው፤ እግራቸውም ያው የሰው እግር ነው። የልብሱ ጉድለት ብቻውን የሚያስጠላ ቢሆን ኖሮ ነጥቡ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ዝቅ ባለ ነበር። ነጥቡ ደረጃ በደረጃ የወረደው ታሪኩ እየተጎተተ በሄደ መጠን ነው። ያንኑ ጉድለት ደጋግሞ ማየትም ያሰለቻል የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ ነገር ግን ደራሲው ታሪኩን ቢያፋጥነው ኖሮ ጉድለቱን ለመመልከት ጊዜ ባልተገኘም ነበር።

ከዚህ ተነሥተን ጉድለትን በሁለት እንከፍለዋለን። አንደኛው የድኽነት ጉድለት ነው፤ ገንዘብና መሣሪያ በማጣት የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የስንፍና ጉድለት ነው፤ አሳብን ባለማብሰል የሚመጣ ነው። ተመልካች የመጀመሪያውን ስቆ ይቅር ይላል፤ ሁለተኛውን ግን አይምርም፤ ይተኛል ወይም ተነሥቶ ይሄዳል። የእኛ ኮሚቴ የፈራው ይቅር የሚባለውን ነው። የማይማረውን ግን በየዓመቱ በባልና በሚስት ጠብ ላይ ሲያሳየን አንዳችም ሥጋት አልተሰማውም።

ይህን ፊልም የሠሩት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩም ማወቅ ያስፈልጋል። ታሪኩን የጻፈው ቢል ስትራተን የተባለ አውስትራልያዊ ሲሆን፥ አሳቡ የመጣለት በልጅነቱ ጉንዳኖች ሲዋጉ ካየው ነው። «ዶክተር ሁ» በ1956 ዓ.ም. ሲጀመር በኀላፊነት ያዘጋጀችው ቬሪቲ ላምበርት በሃያዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ወጣት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ታሪክ የመራው ዋሪስ ሁሴንም ሕንድ አገር የተወለደ፥ ከእኛ ዕድሜ ብዙ ያልራቀ ወጣት ነበረ። የጉንዳንና የቢራቢሮ አካሄድ ለማስተማር ሮዝሊን ደ ዊንተር የምትባል ሴት ተቀጥራ፥ ራስዋም ክንፍ ለብሳ ተጫወተች። የሜኖፕትራዎቹን የእጅ እንቅስቃሴና የንግግር ቅላፄ የፈጠሩት በገንዘብ ሳይሆን በልምምድ ነው። ደግሞ ቢቢሲ ራሱ የዚያን ዘመን ቴፖች የማይረቡ መስሎት ደምስሶአቸው ነበር። ከጠፉት መካከል ዘጠኝ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ ጆስ ከተማ ከሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተገኝተው በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ታዩ። ባለቤቱ የጣለውን አፍሪቃ አስቀምጣ ቆየችው ማለት ነው።

የእኛም አገር ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በዚያው ዓመት፥ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድራማ አይተናል፤ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ክሕደት ተሠርቶአል፤ መልካምም ሥራ አለበት። ወደ ሰማይ የተመለከተ ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንባቢ አልጠፋም፤ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን በ2001 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ዞረ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። «ክረምብስ» የተባለው ፊልምም በ2007 ዓ.ም. ለዓለም ሲታይ፥ አዘጋጁ ስፔናዊ ቢሆንም ቋንቋው አማርኛ፥ ቦታው ኢትዮጵያ፥ ዋናው ተዋናይም ዳንኤል ታደሰ ነበረ። ብዙ ገንዘብ አልፈጀም፤ የዓለምን ፍጻሜ ያሳየው በተራ ዕቃና በአገራችን መልክዐ ምድር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አምጥቃለች። ሳተላይት የላከ ሕዝብ ስለ ሰማይ ቴአትር ለመሥራት የሚያፍር ከሆነ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

«ሥራ አጥነት ባለበት፥ ተመርቆ የሚንከራተት በበዛበት አገር የጉንዳን ተረት ምን ይረባል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ጥያቄአቸውን አናቃልልም፤ እኛም ነገ ከነዚሁ ተመራቂዎች መካከል ነን። መልሳችን ግን የሆሳዕናና የዱራሜ እናቶች የሰጡት ነው። አንዲቱ በጉንዳኑ ታሪክ የእንሰቱን በሽታ አዩ፤ ሌላይቱ የልጃቸውን ስደት አዩ። ስለ ስደት ስንት ስብከትና ስንት ምክር ሰምተናል፤ «ቢመለስስ ክንፉ ይበቅልለታል?» የሚለውን ጥያቄ ግን ከዚህ አሮጌ ፊልም በቀር አንድም ንግግር አላስነሣብንም። አንዳንድ ነገር በቀጥታ ሲያዩት ዐይን ያቃጥላል፤ በሩቅ ዓለም አስመስለው ሲያሳዩት ግን ሰው ቀና ብሎ ይመለከተዋል።

ስለዚህ በሚመጣው ጉባኤ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። ቴአትሩ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም፤ የእንግሊዞቹን ስሕተት አንደግምም። ታሪኩ በአንድ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ይጀመራል፤ በሽታው ሰውን የሚነዳ ኃይል ቢሆን ምን ይመጣ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ሳይንሱን የባዮሎጂና የእርሻ መምህራኖቻችን እንዲያርሙልን እንለምናለን። ልብሱ በቃጫና በቀርከሃ ይሠራል፤ እናቶቻችን ቃጫውን ሊሰጡን ቃል ገብተዋል። ከማኅበሩ የምንጠይቀው የመለማመጃ ክፍልና የስድስት ሳምንት ጊዜ ብቻ ነው። በግቢያችን ከታየ በኋላም በዕረፍት ጊዜ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜና ወደ ሺንሺቾ እንወስደዋለን።

ከዚህ በላይ ማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተመልካች ይስቅብናል ማለት እውነት ነው፤ እግራችን መታየቱ አይቀርም። ቴአትሩ በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ ግን የሳቁት ሰዎች በማግሥቱ ምሽት ጎረቤታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። እኛ ይህን ባንድ አንሶላ ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ አይተናል። ላላመነን ዲስኩን ከመምህሩ አስመልሰን ልናሳየው ዝግጁ ነን።

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ የመጣን ተማሪዎች